ወሰዷት

አስተማሪውን ንጋቱን ያገኘው የእርሻው ትራክተር ነጂ ነው። ከሰው ቁመት በላይ ባደገ በቆሎ መሃል፣ ገብተው መውጫው እስኪጠፋ የሚዞሩበት መንገድ ቆርጠዋል፤ ሜዝ ይሉታል። ጤነኛ ሰው ልጁ እንዳይጠፋበት ይጠብቃል፤ እዚህ አገር ግን እንዲጠፋ ትኬት ይቆረጥለታል። በዚያ መንገድ መጨረሻ፣ አሮጌ የገለባ ጋሪ ከቆመበት ሥር፣ ንጋቱ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ከጆሮው የወጣው ደም አንገቱ ላይ ደርቋል። ይተነፍሳል እንጂ ሲጠሩት አይሰማም። ስልኩን አጥብቆ ይዟል።

አጠገቡ አንዲት ትንሽ ዱባ ተቀምጣለች። በነጭ ቀለም «አቢ» ተብሎ ተጽፎባታል፤ ቀለሙ በደንብ አልደረቀም። የዱባዋ ባለቤት፣ ሕፃኗ አቢ ግን አልነበረችም።

መርማሪ እሌኒ ነጋሽ ከባልደረባዋ ከኦርቲዝ ጋር ስትደርስ አምቡላንሱ ሄዷል፤ የኦክቶበር ፀሐይም ወደ ተራራው ጀርባ እየገባች ነበር። ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር 2014 ነው። እርሻው ከሎስ አንጀለስ ክልል ሳይወጣ በሸለቆው ምዕራብ ዳር የቀረ መሬት ነው፤ በየዓመቱ በመኸር የከተማ ልጅ ዱባ ሊመርጥና ፍየል ሊያበላ ይመጣበታል።

እሌኒ ከአዲስ አበባ የመጣችው በአሥር ዓመቷ ነው። አማርኛዋ ለግብዣም ለልቅሶም ይበቃል። አንቱታ ግን ከአፏ ከጠፋ ቆይቷል፤ ለሽማግሌውም ለሕፃኑም አንድ «ዩ» በሚበቃበት አገር ነው ያደገችው። በመሥሪያ ቤቷ ሌላ አማርኛ የሚሰማ ስለሌለ የሐበሻ ጉዳይ ሲመጣ እሷን ይጠራሉ፤ እሷም «አማርኛዬ ጎደሎ ነው» ብላ አታውቅም።

አሥር የማይሞሉ ልጆች ነጭ ቫን ተደግፈው ቆመዋል። ፌርፋክስ ጎዳና አጠገብ አዳራሽ ተከራይቶ የሚያመልክ የአማኞች ጉባኤ ልጆች ናቸው። ሃሎዊን የሰይጣን ነው ተብሎ፣ በሱ ፋንታ የመኸር በዓል እንዲያዩ ነው የመጡት። ሲደርሱ የእርሻው ፊት ለፊት ከዳር እስከ ዳር ለሃሎዊን የላስቲክ አጽም ተሰቅሎበታል። ስለዚህ አስተማሪያቸው ንጋቱ ልጆቹን ከአጽሙ አሽሽቶ ወደ ጓሮው ክፍል አዞራቸው። ካሜራም ሰውም የሌለው እዚያ ነበር።

ቫኑን ያመጡት የጉባኤው ሽማግሌ ጋሼ ለይኩን ናቸው።

«ጋሼ ለይኩን፣ ልጅቷ ስትጠፋ የት ነበርክ?» አለቻቸው እሌኒ።

«ዘወር ብዬ ነበር።»

«ወዴት?»

«ዘወር ብዬ ነበር አልኩሽ እኮ ልጄ።» ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም። እሌኒ ይህን አልወደደችውም።

የአቢ እናት ሠናይት የደረሰችው የአረጋውያን መጦሪያ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ነው። ባሏ መዝሙር ክንዷን ደግፎ ይዟል። ስልኳን ለእሌኒ ዘረጋችላት።

«ሥራ ላይ ስልክ ሎከር ውስጥ ነው የምንተወው። ስወጣ ቮይስሜይል አገኘሁ። እሱ ነው። ንጋቱ ነው።»

እሌኒ ከፈተችው። መጀመሪያ የንጋቱ ድምፅ «እህት ሠናይት…» አለ። ቀጥሎ ሰው ገለባ ላይ ጭኖ የሚዞረው ትራክተር አልፎ ድምፁን ዋጠው። ትራክተሩ ሲርቅ ቃሉ ተሰማ።

«…ልጅቷን ወሰዷት። ለመንኳቸው፣ እምቢ አሉኝ። ገፈተሩኝ። በጓሮ በር ወጡ። ቶሎ ድረሽ፣ እኔ ራሴን…»

እዚያ ላይ ተቋረጠ።

እሌኒ ለኦርቲዝ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችለት።

«ስንት ናቸው?» አላት።

«ብዛታቸውን አይናገርም።»

«ግን ከአንድ በላይ ናቸው።»

«አዎ» አለች እሌኒ። «ከአንድ በላይ ናቸው።»

ኦርቲዝ ወዲያው በሬዲዮ አስተላለፈው። የሚፈለጉት ብዙ ሰዎች ሆኑ።

«የልጅቷን ሙሉ ስም ንገሪኝ» አለች እሌኒ ወደ ሠናይት ዞራ።

«አቢጌል።»

«አቢጌል ማን?»

ሠናይት ቀና ብላ መዝሙርን አየችው። «አቢጌል ኢዛና። እስከ አሁን። መዝሙር አዶፕት ሊያደርጋት ፕሮሰስ ላይ ነን። ከዚያ ወደ ዳላስ እንሄዳለን።»

«አባቷስ?»

«እሺ ብሎ ፈርሟል» አለች ሠናይት፤ ከዚያ ቫኑ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። «ልጄን አምጪልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ልጄን ብቻ አምጪልኝ።»

እሌኒ ልጅ የላትም። እንዲህ ያለ ነገር ባደረ ቁጥር እንደሚከፋ ግን ሥራዋ አስተምሯታል።

*

የመጀመሪያው ፍንጭ ነጭ ፒክአፕ ነበር። ሁለት ሰዎች ጭነት ሸፍነው በጓሮ በር ሲወጡ አንዲት እናት አይታለች። ፖሊስ ፒክአፑን አውራ ጎዳና ላይ አስቁሞ ሸራውን ገለጠ። የእርሻው ሠራተኞች ናቸው፤ የጫኑትም የበሰበሰ ዱባ ነው።

ሁለተኛው ፍንጭ የተሻለ ነበር። ከጓሮው በር ማዶ ያለ ቤት በሩ ላይ ካሜራ ሰቅሏል። ካሜራው ወደ ከተማ የምትሮጥ ብርማ ኮሮላ ይዟል። ታርጋዋ አይነበብም። ነጂዋም በደንብ አይታይም፤ ከመሪው በላይ ብቅ ያለ ነገር ስለሌለ መኪናዋ ያለ ሰው የምትሄድ ትመስላለች።

«ብርማ ኮሮላ ያለው ማንን ታውቂያለሽ?» ብላ እሌኒ ሠናይትን ጠየቀቻት።

«ግማሹ ሐበሻ አለው» አለች ሠናይት። ትንሽ ቆየችና ጨመረች። «ኢዛናም አለው።»

የአቢ አባት ኢዛና ሆሊውድ ውስጥ በአንድ ሆቴል በር ላይ የእንግዳ መኪና ተቀብሎ ፓርክ ያደርጋል። ቁመቱ ከሆቴሉ በር ጋር የሚከራከር ረጅም ሰው ነው። የልጁን መጥፋት ሲሰማ በእጁ የያዘው የእንግዳ ቁልፍ ወደቀበት።

«ዛሬ ከሰዓት የት ነበርክ?» አለችው እሌኒ።

«እዚሁ ነኛ! ማናጀሬን ጠይቂ። ካሜራውን እዪ።»

ኦርቲዝ ካሜራውን አየ። ኢዛና ቀኑን ሙሉ ከሆቴሉ በር አልራቀም።

«መኪናህስ?»

«ቤት ናት። እኔ በሜትሮ ነው የምመላለሰው፤ እዚህ ለሠራተኛ ፓርኪንግ የለም።»

«ለሰው አውሰሃል?»

«ለማንም አላዋስኩም።»

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ።»

«ሁለተኛው ቁልፍስ?»

ኢዛና የኪሱን ቁልፍ ዳሰሰ። «ጠፍቷል።»

ቀኑን ሙሉ የሰው ቁልፍ ሲጠብቅ የሚውል ሰው የራሱ ጠፋው። እሌኒ አላመነችውም።

ኮሮላዋ ከአፓርታማው ሥር ቆማ አገኟት። ከነጂው እግር ሥር፣ ከምንጣፉ ጋር የተጣበቀ ገለባ አለ። የነጂው ወንበር ወደ መሪው እስኪጠጋ ተስቧል፤ ላዩ ላይ ደግሞ ትንሽ ትራስ ተቀምጣለች።

«አጭር ሰው ነው የነዳት» አለ ኦርቲዝ። «ከቀጠራቸው ሰዎች አንዱ ይሆናል። አባትየው ሥራው ላይ ሆኖ ሌሎች ያስወስዳል። ብዙ ነበሩ ብሎ የለ ሰውየው?»

ነገሩ ገጠመ። ቤቱን ፈተሹት፤ ልጅ የለም። ኢዛና የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው፤ የእናትየው ክፍል በሥርዓት ተነጥፏል፤ እሳቸው ግን የሉም።

«እናትህስ?»

«እሳቸውን ተያቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከቤተ ክርስቲያንና ከሥራቸው ሌላ የት ይሄዳሉ? እኔ ነኝ የማመላልሳቸው።»

«ኢዛና፣ ስማኝ። ልጅህ ስድስት ዓመቷ ነው። የት እንዳለች ብታውቅ ትነግረኛለህ?»

«ባውቅማ ኖሮ!» አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ልቅሶው የእውነት ነበር። እሌኒን ያስፈራት ይህ ነው። የሚያውቅ ሰው እንደምንም ይናገራል፤ የማያውቅ ሰው ግን ቢያስሩትም ከየት ያመጣል? ያም ሆኖ ኦርቲዝ ካቴና አስገባለት።

*

በማግሥቱ እሑድ ጠዋት የሠናይት አፓርታማ በሰው ተሞልቷል። ከፌርፋክስ ገባ ብሎ ያለ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ልቅሶ አይደለም ይበሉ እንጂ አቀማመጣቸው የልቅሶ ነው፤ ጫማ በር ላይ ተከምሯል፤ ድምፅ ዝግ ብሏል። ሠናይት ሶፋው ላይ ናት። እጇን የያዙት አሮጊት የቀድሞ አማቷ፣ የኢዛና እናት፣ እትዬ ዕንቁ ናቸው። ትዳሩ ቢፈርስም ዝምድናው አልፈረሰም ብለው ሌሊቱን እዚያው አድረዋል፤ ልጃቸው ታስሮም ቂም አልያዙም እያለ ሰው አድንቋቸዋል።

አንዲት ኮረዳ ጎረቤት ውሃ አቀረበችላቸው። «እትዬ ዕንቁ፣ ትጠጫለሽ?»

«ይጠጣሉ ወይ በይ!» አሏት። «አሜሪካ ተወለድን ብላችሁ ሥርዓት ጥላችሁ ቀራችሁ። ወይ ጉድ!»

ልጅቷ ደንግጣ አስተካከለች። እትዬ ዕንቁ አጭር ናቸው፤ ሶፋው ላይ ሲቀመጡ እግራቸው ወለል አይነካም። ቁጣቸው ግን ቤቱን ይሞላል።

እሌኒ ሥራዋ ነውና ጠየቀቻቸው። «ትናንት ከሰዓት የት ነበርሽ… ነበሩ?»

«እንዲያ ነው። ኖርዝ ሆሊውድ አንዲት የፈረንጅ አሮጊት አስታምማለሁ። ሚስ ዶሪስ ይሏታል። ቀኑን ሙሉ እሷ ጋ ነበርኩ። ደውይና ጠይቂያት።»

ኦርቲዝ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ደወለ። ተመልሶም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፤ ሚስ ዶሪስ «አዎ፣ ቀኑን ሙሉ አብራኝ ነበረች» ብላለች።

«ዛሬ ማታ ወደ አገር ቤት በራሪ ነበርኩ» አሉ እትዬ ዕንቁ። «እንግዲህ በምን አንጀቴ እሄዳለሁ? ልጄ እስር ቤት፣ የልጄ ልጅ የት እንዳለች አይታወቅ።» ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «የሰው ደግነት ነው ያቆመን። ትናንት ማታ ጋሼ ለይኩን መጡ። ተንበርክከው ጸለዩ። አለቀሱም። ከዚያ እህል ሳይቀምሱ ሄዱ።»

«ከእነማን ጋር ነው የመጡት?» አለች እሌኒ።

«ምን ከእነማን ጋር አለው? ብቻቸውን ናቸዋ! ስለ አንድ ሰው ነው የማወራሽ። ወይ ይቺ ልጅ! አማርኛው ጭራሽ ጠፍቷታል።»

ሴቶቹ በዚያ ጭንቀት መሃል ፈገግ አሉ። እሌኒ ግን አልሳቀችም። ቃላቱን በልቧ ደገመቻቸው። መጡ። ጸለዩ። አለቀሱ። ሄዱ። አንድ ሰው።

ምንም ሳትናገር ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ገባችና የንጋቱን ድምፅ እንደገና ከፈተች። ወሰዷት። ለመንኳቸው። እምቢ አሉኝ። ገፈተሩኝ። ወጡ።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። ንጋቱ ስለ ብዙ ሰዎች አልተናገረም። ራሱ ተሰንጥቆም የገፈተረውን ሰው አንቱ ብሎ የጠራ ጨዋ ሰው ነው። እሷ ግን ያንን ሰው በእንግሊዝኛ አባዝታ አንድ ሽማግሌን ወንበዴዎች አደረገችው። ሠናይትም የሰማችው ያንኑ ነበር፤ የፈራ ጆሮ የሚሰማው ብዙ ጠላት ነው። እሌኒ መሪውን በእጇ መታች። በራሷ ተናደደች፤ አፈረችም።

ስልኳ ጮኸ። ሆስፒታሉ ነው። ንጋቱ ሳይነቃ አርፏል።

*

አሁን ጥያቄው ንጋቱ ማንን አንቱ ይላል የሚል ሆነ። ከእኩዮቹ ጋር አንተ ተባባይ ነው። ፓስተሩም የእሱ እኩያ ስለሆነ «አንተ» ይለዋል። ከንጋቱ ጋር እርሻው ላይ የነበረ፣ አንቱ የሚባል፣ «ዘወር ብዬ ነበር» ያለ አንድ ሰው አለ።

ጋሼ ለይኩንን ያገኘቻቸው ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከቆሻሻ ገንዳዎቹ መሃል ነው። ውስጥ ዝማሬው ቀልጧል። ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጥተው አጎንብሰዋል፤ ከትከሻቸው በላይ ጢስ ይወጣል።

«ጋሼ ለይኩን!»

ሲጋራውን ጣሉና ረገጡት። የተያዘ ተማሪ መሰሉ።

«ልጅቷ ስትጠፋ የት ነበሩ?» አለች እሌኒ። አንቱታው ከአፏ ሲወጣ ራሷንም ገረማት።

«አየሽው አይደል?» አሉ መሬቱን እያሳዩ። «ከጎተራው ጀርባ ይኸንን ስምግ ነበር። ሠላሳ ዓመት ጌታን ተከትዬ ይቺን ብቻ አልጣልኳትም። የጉባኤ ሽማግሌ ነኝ ልጄ፤ ምን ብዬ ልናገር? አንድ ፈረንጅ ነው ላይተር ያቀበለኝ፤ የዱባ ሚዛን ላይ የሚሠራው። ጠይቂው። ያቺን ልጅ ግን እኔ እየጠበቅኳት ብሆን ኖሮ…»

ኦርቲዝ ወደ እርሻው ደወለ። የሚዛኑ ሰው አስታወሳቸው። ከጎተራው ጀርባ አብረው ቆመው ስለ ጉልበት ሕመም ሲያወሩ ነበር።

እሌኒ ተስፋ ቆረጠች። ያም ሆኖ ጠየቀች። «ጋሼ፣ ንጋቱ አንቱ የሚለው ማንን ማንን ነው?»

«ንጋቱ? እኔን ይለኛል። እትዬ ዕንቁንም ይላል። እኔን እንኳ አንዳንዴ ይስታል፤ እሳቸው ዘንድ ግን መሳት የለም። ሕፃናቱ ሳይቀሩ ለእሳቸው ይጠነቀቃሉ።»

እሳቸው። እሌኒ ቃሉን በአፏ ውስጥ አገላበጠችው። አማርኛ ሰውን ሲያከብር ወንድ ነው ሴት ናት አይልም። ወሰዷት የሚባለው ለሽማግሌ ብቻ አይደለም፤ ለአሮጊትም ይባላል። ለካ ካንዱ ስህተት ወጥታ ወደ ሌላው ገብታለች።

«ግን እትዬ ዕንቁ መኪና አይነዱም» አለች፣ ለራሷ ያህል።

«ማን አለሽ? ባለፈው በጋ እዚሁ ፓርኪንግ ላይ እኔው ነኝ ያስተማርኳቸው። ከመሪው በላይ መንገዱ አልታይ ብሏቸው ትራስ አመጡ። ፈተናውን ሲያልፉ ለኢዛና እንዳልነግረው አስማሉኝ፤ ልጁ ይጨነቃል ብለው።»

«ቀኑን ሙሉ ሚስ ዶሪስ ጋ ነበርኩ ብለዋል። ሚስ ዶሪስም አዎ ብላለች።»

«ወይ ልጄ! ሚስ ዶሪስ እኮ የሞተ ባሏ መኪና ፓርክ ሊያደርግ ወጥቷል እያለች ቀኑን ሙሉ በር በር የምታይ ሴት ናት። ለጠየቃት ሁሉ አዎ ነው የምትለው።»

እሌኒ እየሮጠች ለሠናይት ደወለች። «እትዬ ዕንቁን እንዳትለቂያቸው!»

«አሁን ወጡ እኮ» አለች ሠናይት። «ሚስ ዶሪስ መድኃኒቷን የምትወስድበት ሰዓት ነው ብለው በኡበር ሄዱ። ምነው? እሌኒ፣ ምነው?»

*

ኖርዝ ሆሊውድ እስኪደርሱ ኦርቲዝ ነዳ፤ እሌኒ ግን መንገዱን አላየችውም። የምታስበው ስለ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ነው። ከትናንት ጀምሮ ቀኑን ከማታውቅ በሽተኛ ጋር ተዘግቶባታል። አሮጊቷም ሌሊቱን በሙሉ የእናቷን እጅ ይዘው ነው ያደሩት። ታዲያ ልጅቷ እንዴት አልጮኸችም? ጎረቤት እንዴት አልሰማም? የዚህ መልስ ከሌላው ሁሉ ይልቅ አስፈራት።

በሩን አንኳኳች። «እትዬ ዕንቁ፣ እሌኒ ነኝ። ይክፈቱ።»

ከውስጥ የቴሌቪዥን ሳቅ ይሰማል። ዘግይቶ በሩ ተከፈተ። እትዬ ዕንቁ ካፖርት ለብሰዋል። ከኋላቸው ሁለት የታሰረ ሻንጣ ቆሟል፤ ከላዩ ላይ ሁለት ፓስፖርት ተደራርቧል። ሚስ ዶሪስ ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ሆና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ቀስ በሉ» አለች በእንግሊዝኛ። «የልጅ ልጄ ተኝታለች። ከትናንት ጀምሮ ትተኛለች።»

ኦርቲዝ ወደ ውስጥ ሮጠ። እሌኒ ከአሮጊቷ ፊት ቆማ ቀረች።

«ምን ሰጧት?»

«ምንም። የሚስ ዶሪስን የእንቅልፍ ኪኒን ግማሽ ነው። አሁን ጠዋት ደግሞ… እስክንበር እንድትተኛ ግማሽ።» ድምፃቸው ቁጣውን አጥቷል። «ልጎዳት መሰለሽ? የልጄ ልጅ!»

«ንጋቱንስ?»

«አልነካሁትም! ጋሪው ላይ ወጥቶ መንገድ ዘጋብኝ። ‹እትዬ፣ በጌታ፣ ይተዋት፣ እናቷ ታብዳለች› አለኝ። ገፋ አደረግሁት። ከጋሪው ብረት ጋር ተላተመ። ግን ተነሥቷል እኮ! አቧራውን አራግፎ ሲነሣ እያየሁት ነው የሄድኩት። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ተነሥቷል።»

«ሞቷል፣ እትዬ ዕንቁ። ዛሬ ጠዋት።»

እትዬ ዕንቁ ሻንጣው ላይ ተቀመጡ።

«ስሜን ነገራችሁ?»

«ስምዎን ትራክተሩ ዋጠው። አንቱ ማለቱ ነው የቀረው።»

አሮጊቷ ደረታቸውን መቱ። እንባቸው ትናንት የአዞ እንባ ነበር፤ የዛሬው ግን አልነበረም። «ልጄ ፈረመላቸው» አሉ። «እኔን ሳያማክር ፈረመ። በቁሙ ሳለ ስሙን ከልጁ ላይ ፍቀው የሌላ ሰው ስም ሊጭኑባት። አቢጌል ኢዛና ብዬ ያሳደግኳትን! ኢዛና ሙቷል እንዴ? ሰው ሳይሞት ስሙ ይቀበራል? እኔ አገሬ ወስጄ በአባቷ ስም ላሳድጋት ነው። ሌላ ምን ፈለግሁ?»

እሌኒ አዘነችላቸው፤ ስላዘነችላቸውም በራሷ ተናደደች። አንድ ሰው ሞቷል። ካቴናውን ስታስገባ እጃቸውን እንደሚታጠብ ሰው ዘረጉላት።

«እሌኒ!» ብሎ ጮኸ ኦርቲዝ ከመኝታ ቤቱ። «አትነሣልኝም!»

*

የአምቡላንሱ ፓራሜዲኮች አቢን አልጋው ላይ አስተኝተው ኦክሲጅን ሰጧት። ፊቷ ነጥቷል፤ ከንፈሯ ደርቋል፤ ጸጉሯ ውስጥ አሁንም ገለባ አለ። አንደኛው ጉንጯን መታ መታ ያደርጋል። ሠናይትና መዝሙር ደርሰው ግድግዳ ተጠግተዋል፤ ሠናይት የባሏን እጅጌ ጨብጣ በአፏ ውስጥ ትጸልያለች። እትዬ ዕንቁ ካቴና እንደገባላቸው በሩ ላይ ቆመዋል፤ እሌኒ ታስወጣቸው ዘንድ ኦርቲዝ ቢጠቅሳትም አልቻለችም። የንጋቱን ሞት ሄዳ ለቤተሰቡ መንገር አለባት። ዛሬ ሁለት ሞት መንገር እንደማትችል ታውቃለች።

ልጅቷ አልነቃችም። ፓራሜዲኩ ሌላ ነገር ሞከረ፤ መርፌም ወጋት። ሚስ ዶሪስ ሳሎን ውስጥ ባሏን ትጣራለች።

ከዚያ አቢ ሳለች። ዓይኗን ከፈተች።

ሠናይት ጮኸች። መዝሙር ያዛት።

«ጎበዝ!» አለ ፓራሜዲኩ። «አየሽኝ? አሁን አንድ ነገር ንገሪኝ፣ አእምሮሽ በደንብ መንቃቱን ልይ። ስምሽ ማነው?»

«አቢጌል» አለች በሰለለ ድምፅ።

«አቢጌል ማን?»

አሮጊቷ ወደፊት አንድ እርምጃ ራመዱ፤ ካቴናው ተንሿሿ። «ንገሪው የኔ እናት» አሉ። «አቢጌል ማን?» ሠናይት «ተይአት!» አለች። መዝሙር አንገቱን ደፋ።

አቢ ሁሉንም በየተራ አየቻቸው። ከዚያ ፓራሜዲኩን በጣቷ ጠርታ ወደ ጆሮው ተጠጋች። ሹክ ያለችው በእንግሊዝኛ ነው፤ ግን ሁሉም ሰማት።

«አቢ ብቻ በለኝ። ሌላውን ስናገር ይጣላሉ።»